በረኪና የነካው ስቴንለስ ሽጉጥ መልኩ ይመለሳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚኖሩ አባወራ ናቸው። በስማቸው ፈቃድ የወጣለት ስቴንለስ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ፣ አላቸው። ሽጉጡ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ ቁም ሣጥን ውስጥ ከረመ። መስከረም ላይ ሲያወጡት ቡናማ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበት አገኙት። ጎረምሳ ልጃቸው ሊያግዝ ብሎ በበረኪናና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተገው። ነጠብጣቡ ጠፋ፤ ብዙም ሳይቆይ ብሶበት ተመለሰ። አሁን ጎኑ ላይ ግራጫ ጥላና ወዲያና ወዲህ የሄደ ጭረት ታክሎበታል። የሲሊንደሩ የፊት ገጽ ላይ ያሉት ጥቁር ቀለበቶችም ቢፈተጉ ቢፈተጉ አልለቅ አሉ። ማግኔት ስለያዘው «ስቴንለስ ነው ብለው ሸውደውኝ ይሆን?» ይላሉ። የመኪና ቸርኬ የሚነክር ሰው ደግሞ «አምጡትና ኒኬል ላልብስልዎት» ብሏቸዋል።

ጋሼ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፦ ለቸርኬ ነካሪው አይስጡት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ማግኔት ስለያዘውም ተሸወድኩ አይበሉ። መልኩን በተመለከተ ቡናማው ይለቃል፣ ጭረቱ ይስተካከላል፣ ግራጫው ግን ከፊሉ አብሮዎት ይኖራል። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሰው «እንደ አዲስ ይሆናል» የሚል ተስፋ ይዞ ብርጭቆ ወረቀት ሲያነሳ ምን እንደሚደርስ ስላየሁ ነው። ሥራዬ ብረት መወልወል ነው፤ የሆቴል ወጥ ቤት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የጀልባ ዕቃ። ከዚያ በፊት በመሣሪያ ግምጃ ቤት አገልግያለሁ። በሁለቱም ቦታ ወደ እኔ ሲመጣ ያየሁት ጉዳት አብዛኛው የዝገት ሳይሆን ዝገት ለማጥፋት የተደረገ ፍተጋ ውጤት ነው።

ስለ ማግኔቱ። ማንኪያና ሳህን የሚሠራበት ስቴንለስ 18 በመቶ ግድም ክሮሚየምና 8 በመቶ ግድም ኒኬል አለው። ማግኔት እምብዛም የማይይዘው በኒኬሉ ምክንያት ነው። ሽጉጥ ግን የሚሠራው በእሳት ተሞቆ ከሚጠነክረው ወገን ነው፤ በመለያ ቁጥር 410፣ 416፣ 420 ከሚባሉት። የእነዚህ ክሮሚየም ከ12 እስከ 14 በመቶ አካባቢ ሲሆን ኒኬላቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ማግኔት ይይዛቸዋል። 416 ላይ ደግሞ ቶርኖ ላይ ሲቆረጥ እንዲመች ድኝ ይጨመርበታል። ድኙ ለቶርኖ ሠራተኛው ሥራውን ያቀልለታል፣ ለዝገት ግን ቀዳዳ ይተዋል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የመጀመሪያውን ስቴንለስ ሪቮልቨር በ1965 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲያወጣ ሰው ከገላው ጋር አጣብቆ የሚይዘው መሣሪያ ላብን እንዲቋቋም ታስቦ ነው። ይቋቋማል ማለት ግን አይዝግም ማለት አይደለም።

ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ከላዩ ያለው ክሮሚየም ኦክሳይድ ነው። ይህ ሽፋን ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። ሲጫር አየር ካገኘ ራሱን መልሶ ይሠራል። የሚያሸንፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ክሎራይድና አየር ማጣት። ክሎራይድ በገበታ ጨው ውስጥ አለ፣ በላብ ውስጥ አለ፤ በረኪናም ክሎሪን ያለበት ስለሆነ ያንኑ ይተዋል። አየር ማጣቱን ደግሞ ማኅደሩ ያመጣዋል። ቆዳ ገና ጥሬ ሳለ እንዳይበሰብስ በጨው ይያዛል፤ ሲለፋም በአሲድና በልዩ ልዩ ጨዎች ያልፋል። የዚያ ቅሪት ውስጡ ይቀራል። በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አየር ይከለክለዋል። ሽጉጥዎን ልብ ብለው ቢያዩት ነጠብጣቡ የበዛው ማኅደሩ አጥብቆ በያዘው ቦታ ላይ መሆን አለበት።

ጣናን ግን አይውቀሱት። እዚህ ከተማ ብረት በዛገ ቁጥር «ሐይቁ በላው» ይባላል። ምጽዋ ወይም ጅቡቲ ቢሆን እስማማ ነበር፤ እዚያ ነፋሱ ራሱ ጨው ይዞ ይመጣል። የጣና ውሃ ግን ጨው የሌለው የሐይቅ ውሃ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ዝገትን ያግዛል እንጂ በራሱ ስቴንለስን አይበሳም። ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች የስቴንለስ መደገፊያ ሲበላሽ የማየው ማዕበል የሚረጨው በኩል አይደለም። ወለሉ ጠዋት ማታ በበረኪና የሚታጠብበት በኩል፣ ከእግሩ ነው።

የተመለሰው ነጠብጣብ ነገርም ከዚህ ይገባዎታል። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ብዙ ጊዜ ተራ ብረት ነው። ሲፈተግ ደቃቅ ቅንጣቱን ስቴንለሱ ላይ እየጫነ ይሄዳል። በኋላ የዛገው ያ ቅንጣት ነው፤ ሽጉጡ የሰው ዝገት ነው የተሸከመው። ለዚህ ነው ቡናማው በቀላሉ ይለቃል ያልኩት። ግራጫው ጥላ ግን ሌላ ነው። በረኪናው ሽፋኑን አልፎ ብረቱን ራሱን በልቶታል፤ በማጉያ መነጽር ቢያዩት በጣም የደቀቁ ጉድጓዶች ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሽጉጡን ያራግፉ። ሲሊንደሩን ከፍተው እያንዳንዱን ጎሬ በዓይን ይዩ፣ በጣትም ይዳስሱ፤ ጥይቱን ከሚሠሩበት ክፍል አውጥተው ሌላ ቦታ ይቆልፉበት። ጥይቱን ማራቁ ለሁለት ነገር ይጠቅማል፦ ለደኅንነትዎ፣ እንዲሁም ማጽጃ ፈሳሽና ዘይት ወደ ጥይት ከገባ ስለሚያከሽፈው። ልጅዎንም ያስተምሩት እንጂ ዳግም ለብቻው እንዳይነካው። በስምዎ የተፈቀደ መሣሪያ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው።

ሁለተኛ፣ ስቴንለስ እንጂ የተለበጠ አለመሆኑን ያረጋግጡ። በኒኬል የተለበጠ ሽጉጥም ነጭ ነው፣ ማግኔትም ይይዘዋል። ኒኬል ፀሐይ ላይ ሲታይ ጥቂት ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሲያረጅም ጠርዝ ጠርዙ ላይ ይላጣል፣ ከሥሩ ሌላ ቀለም ያለው ብረት ብቅ ይላል። የእጀታውን እንጨት ፈትተው ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ፤ እዚያ እጅ ስለማይደርስ የመጀመሪያው መልክ ሳይነካ ይገኛል። የተላጠ ነገር ካዩ ከዚህ በታች ያለውን መፈተግ ሁሉ ይተዉት፤ በለስላሳ ጨርቅና በዘይት ብቻ ይያዙት። ብራሶ የሚባለውን የብረት ማሳመሪያም ኒኬል ላይ አያድርጉ፤ አሞኒያ አለበት፣ ከኒኬሉ ሥር መዳብ ተለብጦ ከሆነ በስንጥቁ ገብቶ ይበላዋል።

እጀታው ሥር ያለው ያልተነካ ቦታ ሌላም ጥቅም አለው። ፋብሪካው ሽጉጡን በምን ዓይነት መልክ እንደጨረሰው ይነግርዎታል። ሦስት ዓይነት ነው የሚያጋጥመው። አንደኛው እንደ መስታወት የሚያበራው ነው። ሁለተኛው በደቃቅ የመስታወት ዶቃ ተረጭቶ ደብዘዝ ያለው፣ መስመር የሌለው ነው። ሦስተኛውና የተለመደው በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ደቃቅ መስመሮች ያሉት ነው። የእርስዎ በአገላለጽዎ ሦስተኛው ይመስለኛል። ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ በእጅ የሚመለሰው እሱ ነው። በዶቃ የተረጨው በእጅ አይመለስም፤ ማሽኑ ያስፈልገዋል።

ከዚያ እጥበት። ሽጉጡን ውሃ ውስጥ አይንከሩት። ውጪው ስቴንለስ ቢሆንም ውስጡ ያሉት ሞላዎችና አንዳንድ ፒኖች ተራ ብረት ሊሆኑ ይችላሉ። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገው በጨርቅ ያብሱት፣ ንጹሕ ውሃ በነካ ጨርቅ ይድገሙት፣ ወዲያው ያድርቁት። ፀጉር ማድረቂያ ካለ ጥሩ ነው። ይህ ተራ የሚመስል እጥበት የበረኪናውን ቅሪት የሚያስወግድልዎት እሱ ነውና አይዝለሉት። አንድ ነገር አደራ፦ በረኪና የቀረበት ዕቃ ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አይጨምሩ። መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

የባሩዱን ጥቀርሻ ነጭ ጋዝ ያለሰልሰዋል። በጨርቅ ነክረው ቀብተው ጥቂት ይተዉት፣ በጥርስ ብሩሽ ያንቀሳቅሱት። ቤንዚን አይሁን። ነጭ ጋዙንም ቢሆን ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል አይክፈቱት፤ በረንዳ ላይ ይሥሩ። ለጠበቀው ቆሻሻ የነሐስ ብሩሽ ይሆናል። ቢጫ ጥላ ቢተው አይደንግጡ፣ በዘይት ጨርቅ ይለቃል። ከጥይቱ የሚወጣው እርሳስ መርዝ ስለሆነ ይህ ሥራ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ጨርቁ ይጣላል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በፊት እንጀራ አይቆረስም።

የሲሊንደሩ ፊት ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ይተዉአቸው። ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ ነጭ ሽጉጥ ላይ ጥቁር ቀለበት ዓይን ይወጋል። ነገር ግን ቀለበቱ የሚፈጠረው ሲተኮስ በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ባለው ክፍተት በሚያመልጥ የጋለ ጋዝ ነው። ክፍተቱ ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ገጽ ላይ በሚፈትግ ነገር በመጣ በሄደ ቁጥር ብረቱን እያሳሱ ክፍተቱን እያሰፉት ነው፤ ክፍተቱ ሲሰፋ የሚያመልጠው ጋዝ ይበዛል። ቀለበቱ ደግሞ የመጀመሪያዋ ጥይት ስትተኮስ ይመለሳል። በነጭ ጋዝ ለስልሶ የሚለቀውን ያህል ይጥረጉ፣ የቀረው ይቅር። ለሥራው አንዳች አያጎድልም።

ቡናማውን ነጠብጣብ በዘይት ይጀምሩ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርገው ጥቂት ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ በጠንካራ የናይሎን ብሩሽ ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ጫፍ ያንሱት። አብዛኛው በዚህ ይሄዳል። እምቢ ያለውን በሲትሪክ አሲድ ማባበል ይቻላል፤ ነጭ ዱቄት ነው፣ ለምግብ ስለሚውል ሱፐርማርኬት ይገኛል። አንድ የሻይ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። በጥጥ ነክረው ነጠብጣቡ ላይ ብቻ ያሳርፉ። ከ5 ደቂቃ አያሳልፉት፤ ድኝ ያለበት ብረት አሲድ ሲበዛበት ይደበዝዛል። መጀመሪያ እጀታው ሥር ይሞክሩት። ሲጨርሱ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ያብሱ፣ ያድርቁ። አሲዱ ቡናማውን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ ከሽቦው የተረፈውን የብረት ቅንጣት ያሟሟዋል፣ ነጠብጣቡም ተመልሶ እንዳይመጣ ያግዛል። ሎሚስ? ትኩስ ሎሚም ያው ሲትሪክ አሲድ አለው፣ ግን መጠኑ አይታወቅም፣ ሥጋውና ስኳሩም ይጣበቃል። እናቶቻችን ናስ የሚያሳምሩበት ሎሚና ጨው ግን እዚህ አይታሰብም። ጨው ነውና።

አሁን ጭረቱ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል። መስመር ያለው መልክ ማለት በጣም ብዙ ጭረት ነው፤ ግን እንደ ሸማ ድር ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የተሳበ። የልጅዎ ጭረት ዓይን የሚወጋው ጥልቅ ስለሆነ ሳይሆን ድሩን አቋርጦ ስለሄደ ነው። ስለዚህ ሥራው ጭረት ማጥፋት አይደለም፣ ጭረቱን ወደ መስመር መመለስ ነው። ለዚህ ግራጫ ስኮች ብራይት የሚባለው ሱፍ መሰል ፈታጊ ይሻላል፤ የመኪና ቀለም ዕቃ የሚሸጡ ዘንድ ይጠይቁ። ጥቁር ቀይ የሆነው (ማሩኑ) ለዚህ ሻካራ ነው፣ ነጩ ደግሞ ከማጥራት በቀር አይቆርጥም። ግራጫው ፈታጊ ከታጣ አረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ይሠራል፣ ግን አዲስ ይሁን። ድስትና ምጣድ የፈተገ ከሆነ ያንኑ የብረት ቅንጣት መልሶ ያመጣብዎታል።

ፈታጊውን ቁራጭ እንጨት ላይ ጠቅልለው ዘይት ጠብ ያድርጉበት። መጀመሪያ የፋብሪካውን መስመር አቅጣጫ በብርሃን ይፈልጉ፤ በመስኮት በኩል በጎን የሚገባ የጠዋት ብርሃን ከአምፑል ይበልጣል። በርሜሉ ጎን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ወደ አፈሙዝ ነው የሚሄደው። ከዚያ ረዥም፣ ቀጥ ያለ ስበት ከዳር እስከ ዳር። ማዞር የለም፣ መሃል ላይ መቆም የለም። ከቆሙ እዚያው ምልክት ይተዋል። ጥቂት ስበው ያብሱ፣ ይዩ፣ ይቀጥሉ። የተበላሸውን ቦታ ብቻ ቢስቡ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያንን ጎን በሙሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው የሚስቡት። ጠርዞቹን ግን አያለስልሱ። የሽጉጥ ውበቱ ሹል ሆኖ የቀረው ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ የተድበሰበሰ ሽጉጥ ከሩቅ ያስታውቃል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ግራይንደርና ቡፍ ማሽን (በሞተር የሚዞር መወልወያ) በአጠገቡ እንዳይደርስ። ቡፍ ማሽን በደቂቃ የሚያነሳውን ብረት እጅ በሳምንት አይመልሰውም፤ ብረት ከተነሳ ከቶም አይመለስ።

ከመጀመርዎ በፊት ግን የወረቀት ፕላስተር አውጥተው ጽሑፉንና መለያ ቁጥሩን ይሸፍኑ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ፈቃድዎ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ሽጉጡ ላይ ያለው ቁጥር ሲመሳከር ደብዝዞ ከተገኘ «ልጄ ሲያጸዳ ነው» የሚል ማብራሪያ ይዞ መቆም አይመከርም። ማነጣጠሪያውን፣ የአፈሙዙን ጫፍ፣ የጥይት ጎሬዎቹን ውስጥና ሲሊንደሩ የሚዞርበትን ዘንግም አይንኩ። እነዚህ ቦታዎች መልክ የላቸውም፣ ልክ ነው ያላቸው።

ግራጫው ጥላ በዚህ ሁሉ እየሳሳ ይሄዳል። መስመሩ ሲስተካከል ዓይን ጥላውን እየዘለለ መስመሩን ይከተላል። የቀሩትን ደቃቅ ጉድጓዶች ግን እስከ ወለላቸው አይከተሏቸው። አንድ ጉድጓድ ለማጥፋት ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ብረት ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ጥልቀት ማውረድ ይጠይቃል። በእኔ ዓይን ያ ኪሳራ ነው። ውስጣቸው ንጹሕና ዘይት የቀመሰ ከሆነ እዚያው ይቆማሉ።

ወደ ኒኬሉ ልመለስ። ቸርኬ ነካሪ ከመንከሩ በፊት ብረቱን በአሲድ ያጥባል፣ ብዙ ጊዜ በሃይድሮክሎሪክ። ያ ደግሞ ከነስሙ ክሎራይድ ነው፤ በረኪናው የጀመረውን ይጨርሰዋል። ከዚያ የባሰው፣ በአሲዱና በኤሌክትሪኩ ሂደት የሚፈጠረው ሃይድሮጂን በእሳት ወደ ጠነከረ ብረት ገብቶ ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል። ቸርኬ ላይ የሚገጠም ጎማ 30 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ግድም ይነፋል። ተራው 38 ስፔሻል ጥይት ሲተኮስ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት እስከ 17,000 ፒ.ኤስ.አይ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሆን የሁለቱም ሥራ በአንድ እጅ አይሰጥም። ልባሱ ራሱም ውፍረት አለው፤ በጥንቃቄ ካልተለካ ያንን ጠባብ ክፍተት ይዘጋዋል። ሕጉም አለ፦ በስምዎ የተፈቀደ መሣሪያ ሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ ሊያድር አይገባም።

አቀማመጡን ካላስተካከሉ በሚቀጥለው ክረምት ይኸው ይደገማል። ማኅደሩ ለመያዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም። ሽጉጡን ለብቻው፣ በቁልፍ፣ አየር በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይሁን። ጫማ ሲገዙ ካርቶኑ ውስጥ የሚያገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አይጣሏት፣ እዚያ ትጠቅማለች። በእጅ ከተነካ የጣት አሻራው ላብ ነውና በዘይት ጨርቅ ይጠረጋል። ዘይቱም ስስ ይሁን፤ ያው የስፌት መኪናው ይበቃል። ደብሊውዲ-40 እርጥበት ለማስወጣት ጥሩ ነው፣ ግን ይተናል፣ ክረምቱን አያሻግርም። የምግብ ዘይትና ቅቤ ውለው አድረው ይሙጫሉ፣ አቧራ ይሰበስባሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ አሲድና የብረት ብናኝ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው ቢያዩት ነጠብጣብ ሥር ሳይሰድ ይደርሱበታል።

የእጀታው እንጨት ሲመለስ ከሥሩ ያለው ብረት ፍጹም ደርቆ ስስ ዘይት መቀባቱን ያረጋግጡ። እንጨቱ ራሱ እርጥብ ከሆነ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይሰነጠቃል። ብሎኑንም ሲያጠብቁ ጉልበት አይብዛ።